ባዮኬሚስትሪ በካርቱም፦ ባለቤቱ ያልለየለት ትምህርት

ካርቱም ላይ ቤተ ሙከራው ከሳይንስ ተማሪው ቀድሞ ደረሰ። በመድኃኒት ንግድ የከበረው ሄንሪ ዌልካም በለገሰው መሣሪያ የተደራጀው የዌልካም የሐሩር አገሮች ምርምር ቤተ ሙከራ በ1903 ሥራ ጀመረ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያረፈው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሲሆን ኮሌጁ ራሱ የተከፈተው ገና በ1902 መጨረሻ ነበር። ኮሌጁ የተቋቋመው ለቅኝ አስተዳደሩ የሚያገለግሉ ጸሐፊዎችን፣ መምህራንንና የእጅ ባለሙያዎችን ለማፍራት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የውጭ አገር ባለሙያዎች ደም፣ እህልና የአባይን ውኃ ሲመረምሩ፣ ሱዳናዊው ተማሪ ከቁም ጽሕፈትና ከሒሳብ መዝገብ እምብዛም አልራቀም።

ይህ ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጥያቄ አስከትሏል። የሕያዋን ሞለኪውሎች ኬሚስትሪ በዚያች ከተማ የማን ትምህርት ነው? የሐኪሙ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ወይስ የራሱ? ጥያቄው የቢሮ ድልድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳሰሳ አያስፈልገውም ነበር። ነገር ግን ምን ይመረመራል፣ በምን ቋንቋ ይሰጣል፣ ጦርነት ሲመጣስ ምን ይተርፋል የሚሉት ሁሉ ከእሱ ይመዘዛሉ።

ቀለሙ ያሳሳተው ምርመራ

የመጀመሪያው ዳይሬክተር አንድሩ ባልፎር ሐኪም ነበር፤ ትኩረቱም ወባ፣ ትንኝና የከተማ ጽዳት። ኬሚስትሪውን የመራው ዊሊያም ቢም ነው። ቢም የሱዳንን አፈር፣ ውኃና ሙጫ ሲመረምር ከርሞ ስሙን ያስጠራው ግን በሐሺሽ ነው። በ1911 የወጣው ዘዴው ቀላል ነው። የተጠረጠረው ነገር በፔትሮሊየም ኤተር ይታጠባል፤ ፈሳሹ እንዲተን ይደረጋል፤ በቀረችው ቅሪት ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሟሟበት አልኮል ጠብ ይደረጋል። ወይን ጠጅ ቀለም ከመጣ ሐሺሽ ነው ይባላል። ምርመራው ከካርቱም ወጥቶ በሌሎች አገሮች የወንጀል ቤተ ሙከራዎች ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል።

ጉድለቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። ቀለሙን የሚያወጣው ካናቢዲዮል የተባለ ሞለኪውል ሲሆን እሱ አያሰክርም። የሚያሰክረውን ቴትራሃይድሮካናቢኖልን ጋኦኒና መሹላም እስራኤል ውስጥ ለይተው ያወጡት በ1964 ነው፤ እሱ ደግሞ በቢም ጠብታ ቀለም አይለውጥም። ስለዚህ ካናቢዲዮል የሌለበት አስካሪ ሐሺሽ ምርመራውን ያልፋል፤ እምብዛም የማያሰክር ተክል ሊያስወነጅል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቢም የሠራው ከሕያዋን የተገኘን ነገር መለየት ነው፤ ነገሩ በሕያው አካል ውስጥ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ አይደለም። ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 የተፈጨ እርሾ ሕያው ሴል ሳይኖርበትም ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ ካሳየ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ሁለተኛው ጥያቄ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ካርቱም የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ ቀድማ ወረሰች። ሁለተኛውን ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ጠብቃለች።

ሦስት ቤት ያለው እንግዳ

ትምህርቱ በዓለም ላይም ቢሆን በቀላሉ ቤት አላገኘም። ፊሊክስ ሆፐ ዛይለር በ1872 ስትራስቡርግ ላይ ለፊዚዮሎጂያዊ ኬሚስትሪ የተለየ ወንበር ሲይዝ፣ ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት ጉዳዩ የፊዚዮሎጂ ቅርንጫፍ ነው ብለው ተቃውመዋል። ሊቨርፑል በ1902 የባዮኬሚስትሪ ወንበር አቋቋመች። ካምብሪጅ በፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ መሪነት ሕንፃው ተሠርቶ የተመረቀለት በ1924 ነው። በዚያው ዓመት ካርቱም ውስጥ የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። አጋጣሚው የሚያስተምረው ነገር አለ፦ አንዱ ባዮኬሚስትሪን ለራሱ ሲል ያደራጀ፣ ሌላው ለሐኪም ስንቅ ያደረገ።

ጎርደን ኮሌጅ በ1945 ከሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣምሮ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ የኪችነር ትምህርት ቤት በ1951 ተቀላቀለ፤ በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ባዮኬሚስትሪ በዚህ ውስጥ አንድ ቤት ሳይሆን ሦስት ቤት አገኘ። አንዱ በሕክምና ፋኩልቲ ነው። ሁለቱ ከሰማያዊ አባይ ማዶ፣ በሰሜን ካርቱም ሻምባት፣ በእንስሳት ሕክምናና በግብርና ፋኩልቲዎች ውስጥ ናቸው። ግብርናው ውስጥ ክፍሉ ለረጅም ጊዜ የባዮኬሚስትሪና የአፈር ሳይንስ ክፍል ይባል ነበር፤ ስሙ ብቻውን ማንን እንደሚያገለግል ይናገራል።

በዚህ አቀማመጥ ላይ ሁለት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው፣ አገልጋይ የሆነ ትምህርት አያድግም የሚል ነው። የሕክምና ተማሪ የክሬብስን ዑደት ለፈተና ሸምድዶ ሆስፒታል ሲገባ ይረሳዋል፤ መምህሩም የጀማሪዎችን ክፍል ሲያስተምር ዕድሜው ያልቃል፤ ራሱን የሚተካ ተመራማሪ አያወጣም። ሁለተኛው አቋም፣ ድሃ አገር ላይ ለራሱ ብቻ የቆመ ባዮኬሚስትሪ የሌላውን አገር ጥያቄ በርካሽ መሣሪያ ከመድገም አያልፍም ይላል። ከማሽላ፣ ከሙጫና ከካላዛር በሽታ ጋር የታሰረው ግን ሌላ ቦታ የሌለ ጥያቄ አለው።

ማስረጃው ለሁለተኛው ያጋድላል፤ ከታች እንደሚታየው። ግን የመጀመሪያውም ሐሰት አይደለም።

የትምህርቱ አሰጣጥ

ካርቱም የለንደንን ሥርዓት ተከትላ መሠረታዊ ሳይንሶችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየብቻ ስታስተምር፣ በ1975 ወድ መዳኒ ላይ የተቋቋመው የገዚራ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ መረጠ። የሕክምና ፋኩልቲው ማኅበረሰብ ተኮር ነው። ተማሪው ገና ከመጀመሪያው መንደር ይወርዳል፤ ባዮኬሚስትሪን የሚያገኘው እንደ የስኳር በሽታ ወይም የምግብ እጥረት ባለ ችግር ውስጥ ተሸምኖ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ከጅማ ያውቀዋል፤ በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ያስተማረበት መንገድ ተመሳሳይ ነበር።

የገዚራ ደጋፊዎች ተማሪው የተማረውን ይጠቀምበታል ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ኢንዛይም እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ያልተማረ ሰው አዲስ በሽታ ሲመጣ ከመመሪያ ውጭ አያስብም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ስለ ሐኪም ነው የሚከራከረው። ባዮኬሚስት የሚሆነው ተማሪ የክርክሩ አካል አለመሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

በየትኛው ቋንቋ?

የሱዳን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ዐረብኛ ሲዞር ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የኦማር አል በሽር መንግሥት በ1990 የከፍተኛ ትምህርት አብዮት ብሎ በጠራው ዘመቻ የተማሪው ቅበላ በእጥፍ እንዲያድግ፣ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲከፈቱና የማስተማሪያው ቋንቋ ዐረብኛ እንዲሆን አዘዘ።

የዐረብኛ ደጋፊዎች ጠንካራ ምሳሌ አላቸው። ደማስቆ ሕክምናን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በዐረብኛ ታስተምራለች። ሱዳናዊው ልጅ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በዐረብኛ ተምሮ በሚጠነክረው ትምህርት ላይ ቋንቋ ሲቀየርበት ሁለት ሸክም ይሸከማል የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል የምርምር ጽሑፉ፣ የኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ ያለው መለያና የመሣሪያው መመሪያ እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የተማሩት የደቡብ ሱዳን ልጆችም በትእዛዙ በአንድ ሌሊት ወደ ኋላ ተመልሰዋል።

ትእዛዙ ቋንቋንና ቁጥርን አንድ ላይ ስለለወጠ፣ ከዚያ በኋላ የታየው የጥራት መውረድ የዐረብኛው ነው ወይስ የተጨናነቀው ክፍል ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ለሠላሳ ተማሪ የተሰናዳ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ እጥፉን ሲቀበል ልምምዱ ወደ ማሳየት ይለወጣል፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀረው ያያል። ይህ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ለዚህ ጸሐፊ ከሁለቱ ትልቁ ጉዳት የጠረጴዛው ይመስለዋል።

የማሽላው እንቆቅልሽ

የካርቱም ባዮኬሚስትሪ ለዓለም የሚነግረው ነገር ያገኘው ከምግብ ነው።

ማሽላ ለሱዳን ዋና እህል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ጥናቶች ግን አስደንጋጭ ቁጥር አመጡ፦ ሕፃናት ከማሽላ ገንፎ ፕሮቲን ውስጥ የሚፈጩት 46 በመቶውን ብቻ ነው፤ ከሩዝ፣ ከበቆሎና ከስንዴ ግን ከ66 እስከ 81 በመቶ ይፈጫሉ። በአይጥ ሲሞከር ልዩነቱ አይታይም፤ አይጧ የበሰለውን ማሽላ 80 በመቶ ትፈጨዋለች። በአሜሪካዋ ኢንዲያና የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጆን አክስቴል ቡድን በ1981 መፍትሔውን በሙከራ ቱቦ አገኘው። ከአሳማ ጨጓራ የሚወጣው ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ጥሬውን የማሽላ ፕሮቲን ከ78 እስከ 100 በመቶ ሲፈጭ፣ ሲበስል ግን ወደ 45–55 በመቶ ይወርዳል። ካፊሪን የሚባሉት የማሽላ ፕሮቲኖች በሙቀት ጊዜ በሰልፈር ድልድይ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ኢንዛይሙን መግቢያ ያሳጡታል።

ታዲያ ማሽላ በል የሆነው ሕዝብ እንዴት ኖረ? ያው ጥናት የሱዳንን የቦኩ ምግቦች ሲፈትሽ ከተራው ገንፎ በተሻለ እንደሚፈጩ አገኘ። የሱዳን እንጀራ የሆነው የኪስራ ሊጥ ሌሊቱን ቦክቶ በስሱ ይጋገራል። ይህን የካርቱም ባለሙያ ሴት ታውቀዋለች፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነበር የቀረው።

የቀረውን ሥራ በሰፊው የያዘው የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሐሚድ ዲራር ነው። በ1993 ያሳተመው የሱዳን የቦኩ ምግቦች መጽሐፍ ከኪስራና ከመሪሳ ጠላ አንሥቶ ከሥጋ፣ ከአጥንትና ከቅጠል የሚሠሩትን ይዘረዝራል። መሪሳ ላይ ያለው ገለጻ የአገራችንን ጠላ ጠማቂ አያስገርማትም፤ ከቦካው ሊጥ ከፊሉ ልክ እንደ እንኩሮ በእሳት ላይ ታምሶ እስኪጠቁር ድረስ ይበስልና ከብቅል ጋር ይገናኛል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዳርፉሩ ከወል ነው። በዝናብ ወራት ሜዳ ላይ የሚበቅል የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ የአንድ አረም ቅጠል ይወቀጣል፤ በሸክላ ማሰሮ ተጠቅጥቆ በማሽላ ቅጠል ይሸፈናል፤ አፉ በጭቃ ተመርጎ ማሰሮው እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበራል። በየሦስት ቀኑ እየተከፈተ ይማሰላል። ሁለት ሳምንት ግድም ሲሞላው ወጥቶ በትንንሹ ተድቦልቡሎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሽታው ከባድ ስለሆነ የከተማ ሰው ያፍርበታል። ዲራር በ1984 በታተመ ጥናቱ ሥጋ የሚተካ፣ በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ መሆኑን አሳየ፤ ሥራውን በዋናነት የሚያከናውኑት ባሲለስና ፕሮፒዮኒባክቴሪየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ይህ ባዮኬሚስትሪ ነው ወይስ የምግብ ሳይንስ? ጥብቅ የሆኑት፣ የኢንዛይሙ አወቃቀርና የለውጡ ደረጃዎች አንድ በአንድ እስካልተፈቱ ድረስ ዝርዝር እንጂ ባዮኬሚስትሪ አይባልም ይላሉ። ትችቱ ፍሬ አለው፤ በመጽሐፉ ከተመዘገቡት ምግቦች የብዙዎቹ የሞለኪውል ታሪክ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ባይኖር የሚፈታው ነገርም አይታወቅም ነበር።

ከወሎንኮሚ እስከ ኢንዲያና

የማሽላው ክር ኢትዮጵያንም ይነካል። የአክስቴል ቡድን በ1973 ላይሲን የበዛበት ማሽላ ያገኘው ከወሎ በተሰበሰበ ዘር ውስጥ ነው። የአክስቴል ተማሪ የነበረው የወሎንኮሚው ልጅ ገቢሳ ኤጄታ ከአለማያ ኮሌጅ ተመርቆ ፐርዱ ላይ ዶክትሬቱን ከሠራ በኋላ ሱዳን ገባ። በ1983 ሐጊን ዱራ አንድ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ለገበሬው አደረሰ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ንጹሕ ባዮኬሚስትሪ ነው። የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነችው አቀንጭራ ዘሯ እንደ ብናኝ የደቀቀ ሲሆን አፈር ውስጥ ዓመታት ትጠብቃለች፤ የምትበቅለው የማሽላ ሥር የሚረጨውን ኬሚካል ስታገኝ ብቻ ነው። ስትሪጎላክቶን የሚባለውን ይህን ኬሚካል ማሽላው የሚረጨው ፎስፈረስ ሲርበው ጠቃሚ ፈንገሶችን ለመጥራት ነው፤ አቀንጭራ ጥሪውን ትሰርቃለች። ገቢሳ ፐርዱ ላይ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ይህን ምልክት ተከትሎ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በ2017 ደግሞ ዳንኤል ጎበናና ባልደረቦቹ የመቋቋሙን ምስጢር አንድ ጂን ላይ አደረሱት። ጂኑ ሰልፎትራንስፌሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያዛል፤ ሲጠፋ ማሽላው የሚረጨው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይለወጥና አቀንጭራ ትተኛለች።

መስኩ ሱዳንና ኢትዮጵያ፣ ቤተ ሙከራው ኢንዲያና። ይህ ክፍፍል ለአንዳንዱ የትብብር አርአያ ነው፤ ለሌላው ደግሞ የዌልካም ዘመን ቅደም ተከተል ተገልብጦ መቀጠሉ፦ ያኔ ባለሙያው ወደ ናሙናው መጣ፣ አሁን ናሙናው ወደ ባለሙያው ሄደ።

ሙጫው ሲወጣ፣ ኬሚካሉ ሲቀር

በ1993 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ነባር በሽታዎች ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። የጂን ሊቁ ሙንታስር ኢብራሂምን የመሰሉ ተመራማሪዎች ካላዛርንና የሱዳንን ሕዝቦች ዘረመል እዚያው አገር ውስጥ የሚያጠና ትውልድ አፈሩ። በ2003 ካርቱም ላይ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያሲስ ጥምረት ደግሞ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን አገናኝቶ ለካላዛር የሁለት መድኃኒት ቅንጅት አረጋገጠ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተሳታፊ ነው።

ከዚህ ብዙው የሆነው በማዕቀብ ውስጥ ነው። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል አንድ ዕቃ ነፃ ወጣ፤ የኮርዶፋን ሙጫ። ብዙ ለስላሳ መጠጥ የሚረጋው በእሱ ነው። የስኳር ሰንሰለቱ ላይ በጣም ጥቂት ፕሮቲን የተጣበቀበት መሆኑ ዘይትና ውኃ አስማምቶ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሙጫው ሲወጣ፣ ሙጫውን ለማጥናት የሚያስፈልገውን ኬሚካል በባንክ ከፍሎ ማስገባት ግን ማዕቀቡ በ2017 እስኪነሣ ድረስ ፈተና ነበር። ማዕቀቡ ነው ምርምሩን ያደከመው የሚሉ አሉ። ከ1989 በኋላ መምህራን መባረራቸውና መሰደዳቸው ይበልጣል የሚሉም አሉ። ሙንታስር ኢብራሂም ራሱ በ2019ኙ ሕዝባዊ ተቃውሞ ወቅት ታስሮ መፈታቱ የኋለኞቹን ያጠናክራል።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ

ጦርነቱ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ፈነዳ። በአሥረኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ከተፋላሚዎቹ አንዱ ብሔራዊውን የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ እንደያዘና ባለሙያዎቹን እንዳስወጣ፣ ውስጡም የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙና እንዳለ አስታወቀ። በ1991 የተመሠረተውና በዓለም ላይ ታዋቂ የነበረው፣ ማይሴቶማ የተባለውን በሽታ የሚያጠናው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል መውደሙ በ2025 ተነገረ፤ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ ናሙናና መረጃ አብሮ ጠፍቷል።

ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን በኢንተርኔት ቀጥለው ፈተናውን በስደት አገሮችና በተረጋጉ ከተሞች ሰጥተዋል። ለታሪክ ወይም ለሕግ ተማሪ ይህ ጎዶሎ ቢሆንም ትምህርት ነው። ለባዮኬሚስትሪ ተማሪ ግን ፒፔት ሳይዝ፣ ኢንዛይም ሲሞት ሳያይ መመረቅ ማለት ነው። አንደኛው ወገን ትውልዱ ባዶ እጁን ከሚቀር ዲግሪውን ይያዝ፣ ልምምዱን በኋላ ይካስ ይላል። ሌላው፣ በኋላ የሚባለው ቤተ ሙከራ የት እንዳለ ይጠይቃል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ደሴ ላይ ከተዘረፈ በኋላ የገጠመው ጥያቄም ከዚህ አይርቅም። ሱዳን የራሷ ቀዳሚ ምሳሌም አላት፦ የጁባ ዩኒቨርሲቲ በጦርነት ምክንያት ከ1989 ጀምሮ ካርቱም ተሰድዶ ለሁለት አሥርተ ዓመታት አስተምሯል።

እዚህ ላይ የሚጠፋውን ነገር ዓይነት መለየት ይገባል። የወድ መዳኒው የዘር ባንክ በጦርነቱ ቢዘረፍም በፌብሯሪ 2025 የሱዳን የማሽላ ዘሮች ኖርዌይ ስቫልባርድ ወደሚገኘው የዘር ማከማቻ ገብተዋል። ዘር ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ ይጓጓዛል። መብራት የሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረ ደም፣ ሴረምና የተጣራ ፕሮቲን ግን ተለዋጭ ቅጂ ያለው ቀድሞ ወደ ውጭ ከተላከ ብቻ ነው፤ ናሙና ከአገር አይውጣ የሚለውን መርሕ የሚደግፉ ተመራማሪዎች አሁን በዚህ ጉዳይ ሊከራከሩ ይገደዳሉ። ማርች 2025 ላይ የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ መልሶ ግንባታ ሲታሰብ፣ የሕክምናው፣ የእንስሳት ሕክምናውና የግብርናው ሦስት የባዮኬሚስትሪ ክፍሎች ሦስት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ሆነው ይታነጹ ወይስ ያለውን ጥቂት መሣሪያ አንድ ላይ ያድርጉ የሚለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያደረው ጥያቄም እንደገና ጠረጴዛ ላይ ነው።